ማድቤቱ ጎማ አወጣ፣ በሶው ግን ቀረ

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወዳጆቻችን አንዱ ያገለገለ ሚኒባስ ገዝቶ፣ የኋላ ወንበሮቹን አስነቅሎ፣ በቦታቸው አልጋና ማድቤት ሊያስገጥም ተነሥቷል። ፈረንጅ «ሞተርሆም» የሚለው ዓይነት ነው፤ እኛ «ቤት መኪና» እንበለው። ሐሳቡ ደግ ነው። ሰላም ሲወርድና መንገዱ ሲከፈት ዓባይን ተሻግሮ፣ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር መግባት፤ ደስ ያለው ቦታ ማደር፤ የሚበላውን ራሱ ማብሰል። እስከዚህ ድረስ ምርቃታችን ከእሱ ጋር ነው። ጠባችን የጀመረው ማድቤቱን የሚሞላበትን ዝርዝር ያሳየን ዕለት ነው።

ዝርዝሩ ላይ ምን አለ? ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ፣ የቡና ማሽን፣ የጁስ መፍጫ፣ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ፣ 24 ጣሳ ቱና፣ ሁለት ካርቶን ኢንዶሚ፣ ኮርንፍሌክስ፣ የዱቄት ወተት፣ ኬቻፕ፣ ማዮኔዝ፣ አሥር ደርዘን የታሸገ ውሃ። አለቀ። ገብስ የሚባል ነገር የለበትም። ሽሮ የለበትም። በርበሬ የለበትም። ልብ በሉ፣ ሰውየው የሚሄደው ጎጃም ነው! ቡሬንና ጃቢ ጠህናንን አቋርጦ፣ በበቆሎና በበርበሬ የታወቀ አገር መሐል ቆሞ፣ ታይላንድ የታሸገ ዓሣ ሊከፍት ነው። ጣና ሐይቅ ዳር ሲደርስም ያው ጣሳውን ይከፍታል ማለት ነው።

የአንድ ሰው ዝርዝር ብቻ ቢሆን ዝም ባልን ነበር። ግን በየፌስቡኩና በየቲክቶኩ «ካምፒንግ ወጣን» የሚለውን ወጣት ሁሉ ተመልከቱ። ድንኳኑ ሌላ፣ ፎቶው ሌላ፣ ቦታው ሌላ ይሆናል፤ ካርቶኑ ግን አንድ ነው። ከተማውን ለቅቀን እንወጣለን እንላለን እንጂ ሱፐርማርኬቱን ጭነን ነው የምንወጣው። እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ የሚንቀሳቀስ ማድቤት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሙሉ ዕቃው፣ ሙሉ ስንቁ፣ ሙሉ ሥርዓቱ ከመቶ ዓመት በፊት ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው። የቀረው ጎማ ብቻ ነበር። ጎማው ሲመጣ ማድቤቱን ጥለን ጎማውን ብቻ ያዝን።

እስቲ ወደ ኋላ መለስ እንበል። የዚህ አገር ነገሥታት ከግማሽ ዕድሜያቸው በላይ በድንኳን ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። በዓድዋ ዘመቻ ከሸዋ፣ ከወሎና ከሌላውም አገር ሰው ሲንቀሳቀስ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ሠራዊታቸውን ይዘው ተሰልፈው ነበር። ያን ሁሉ ሰው የሚመግብ የመንግሥት ቀለብ ክፍል በዛሬው መልኩ አልነበረም። ዘማቹ ስንቁን በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ይዞ ነው የወጣው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲገጠም ስንቁ እየተመናመነ ስለነበር፣ ሠራዊቱ እዚያ ብዙ ቀን መቆየት የሚችልበት ሁኔታ አልነበረም። ይኸን የታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይነግሩናል። እኛ ግን ከዓድዋ ታሪክ ጎራዴውን ለፖስተር ወስደን አቁማዳውን እዚያው ትተነዋል።

በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ራሱ ጎጃም ላይ ተደገመ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ገብተው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ቡሬና ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገሰግሱ፣ አብሯቸው የነበረው የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር ጓዙን ያስጫነው በሺዎች በሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ነበር። ግመሎቹ የቆላ እንስሳ ናቸው፤ የጎጃምን ዳገትና ብርድ አልቻሉትም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በመንገድ ላይ አለቁ። ጣሊያን በየካቲት 1933 መጨረሻ ቡሬን ለቅቆ ሲወጣ የግመሎቹ ሬሳ መንገዱን ሞልቶት ነበር። የጎጃም አርበኛ ግን ከዚያ በፊት ለአምስት ዓመት ዱር ያደረው ያለ ግመል ነው። ለአገሩ የማይስማማ ጓዝ ይዞ የገባ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናመጣም። ፍሪጅና የቡና ማሽን የዘመናችን የሱዳን ግመሎች ናቸው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ምክንያቱም «ይኼ የናፍቆት ወሬ ነው» የሚል አንባቢ እንዳለ እናውቃለን።

ከእንጀራ እንጀምር። አንዳንዱ «መኪናዬ ላይ ምጣድ እገጥማለሁ» ይላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይስባል። ይኸን ለ12 ቮልት ስታካፍሉት ወደ 300 አምፔር የሚጠጋ ይወጣል። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 20 ደቂቃ ያህል ይዞ ጸጥ ይላል፤ ያውም በወረቀት ላይ። ምጣዱ ገና ሲግል ባትሪው አለቀ ማለት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ደግሞ «የእኔ ባትሪ ትልቅ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይጋግርላችኋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ኃይሉ ሲጋግር ግን 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ኃይል በላ ማለት ነው። ከደምበጫ ወዲያ ቻርጅ ፍለጋ ስትንከራተቱ ያቺን ሰዓት ታስታውሷታላችሁ።

መልሱ ድርቆሽ ነው። እንጀራ በሦስት በአራት ቀኑ ይሻግታል። በፀሐይ በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ግን እርጥበት ካልነካው ወራት ይቆያል። አይከብድም፣ አይፈስም፣ ፍሪጅ አይጠይቅም። ትንሽ ቁሌት ሠርቶ እሱ ላይ መበተን ነው፤ በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። የጤፉ አለ፣ የዳጉሳው አለ፤ የምዕራብ ጎጃም የዳጉሳ እንጀራ ደግሞ ሲደርቅ የራሱ ጣዕም አለው፤ ያልቀመሰ ይቅመስ።

ቀጥሎ ፓስታና ኢንዶሚ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡሬ ከ2 ሺህ ትንሽ ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 እና በ94 መካከል ነው። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለእናንተ አይሠራም። ፓስታው ይዘገያል፣ ሩዙ ይዘገያል፣ ጥሬ ባቄላና ምስርማ ጋዙን ጨርሶ ነው የሚበስለው። ይኸን ሊቅ መጥቶ ለእናቶቻችን አልነገራቸውም፤ ግን ያውቁታል። ለዚህ ነው የመንገድ ምግባችን ሁሉ ቤት ውስጥ አስቀድሞ እሳት ያየ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ የወጣው። ከባዱን ማገዶ ቤት ትጨርሳላችሁ፣ መንገድ ላይ የምትጨርሱት ቀላሉን ነው። ሽሮ ከፈላ ውሃ ጋር ተገናኝቶ ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም። (ሽሮ ስትገዙ ግን ጥሬው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ጓያ የበዛበትን ሽሮ አዘውትሮ መብላት እግር እንደሚያሽመደምድ የጎጃምና የጎንደር ገበሬ ከሐኪም በፊት ያውቀዋል።)

በሶ ደግሞ እሳት የሚባል ነገር ጨርሶ አይፈልግም። ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

አማርኛ በተማርንበት ክፍል ሁሉ በሶ የበላውን አበበን እናውቀዋለን። ከተማ ያደገው ትውልድ ከበሶ ጋር ያለው ትውውቅ እዚያ ላይ ያቆማል። አንድ ኪሎ በሶ ከ3 ሺህ 500 ካሎሪ ያላነሰ ይዟል፤ ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ሙሉ ቀለብ ነው፤ ከዚያም ይተርፋል። ያን ያህል ከቱና ለማግኘት ስንት ጣሳ እንደምትከፍቱ ቁጠሩት፤ ቆርቆሮውንም የት እንደምትጥሉት አብራችሁ አስቡ። በሶ ከውሃና ከጨው ጋር ተለውሶ ጭብጦ ይሆናል። ቀጠን ብሎ ከተበጠበጠ ይጠጣል። ከማር ጋር የተለወሰ ከሆነ ደግሞ ከየትኛውም የውጭ ቸኮሌት ጋር እናወዳድረዋለን፤ አናፍርም። ሌሊት ዝናብ እየወረደ፣ ጋዙ አልቆ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሳለ እራት የሚሆን ነገር ከዚህ ሌላ ንገሩን።

ታዲያ ለምን ጠላነው? መልሱን እናውቀዋለን፤ አፋችንን ሞልተን ለመናገር ነው የምንፈራው። በሶ የድሃ፣ የወታደር፣ የእስረኛና የቆሎ ተማሪ ምግብ ነው ብለን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ደህና በነበረበት ጊዜ፣ ፍኖተ ሰላም ገበያ በሶ ስንጠይቅ ያገኘናቸው እናት ጫማችንንና መነጽራችንን አይተው «ልጆቼ፣ ለማን ነው? ለታሰረ ነው ወይስ ለታመመ?» ብለው ነበር። «ለእኛው ነው እማማ» ስንላቸው «እሰይ! እንዲያማ ከሆነ ልመርቅላችሁ» ብለው አንድ እፍኝ ጨመሩልን። ፈረደብን እንዴ? ጤነኛና ነፃ የሆነ የከተማ ልጅ በሶ አይገዛም የሚለው ነገር ገጠር ድረስ ታውቋል ማለት ነው።

ቲቤቶች በሶን «ጻምፓ» ይሉታል፤ ያው የተቆላ የገብስ ዱቄት ነው። ሂማላያ የሚወጣ ፈረንጅ ጻምፓ በላሁ ብሎ ይጽፋል፣ ይኮራል። የእኛ ሰው ያን ጽሑፍ አንብቦ ያደንቃል፤ እናቱ የላከችለት በሶ ግን ቁም ሳጥን ላይ ይነቅዛል። በጤፍም የሆነው ይኸው ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ሲያወጣ ነው «ጤፍ እኮ የእኛ ነው» ብለን የጮኽነው። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፓተንቱን ለሆላንድ ዋጋ ቢስ ነው እስኪለው ድረስ ጩኸታችን ቀጠለ፤ ደግ አደረግን። በሶን ለመውደድም ሌላ ኩባንያ እስኪዘርፈን እንጠብቅ?

ፍሪጅ እንምጣ። ፍሪጅ በቤት መኪና ውስጥ የባትሪ ጠላት ቁጥር አንድ ነው። የሚገዛውም ለሥጋ፣ ለወተትና ለቅቤ ነው። እንግዲህ ቁጠሩ። የኦርቶዶክስ ተከታይ ከሆናችሁ ረቡዕና ዓርቡን፣ ዐቢይ ጾሙን፣ ነቢያቱን፣ ፍልሰታውን ስትደምሩት በዓመት 180 ቀን ገደማ ትጾማላችሁ። ለግማሽ ዓመት ፍሪጁ ሽንኩርት ሊያቀዘቅዝ ነው ባትሪ የሚጨርሰው። በፍስኩም ቢሆን ሥጋው ቋንጣ ይሆናል፤ ቅቤው በኮረሪማ፣ በአብሽና በኮሰረት ይነጠራል፤ የተነጠረ ቅቤ ደግሞ ያለ ፍሪጅ ወራት ይከርማል። ወተት ከፈለጋችሁ መንገዱ ዳር ላም ሞልቷል፤ አፍልታችሁ ጠጡ። ሙስሊም አንባቢዎቻችን ደግሞ ተምር ይጨምሩበት፤ ተምርን የሚያህል መንገደኛ ፍሬ የለም።

ስለ ዕቃው ብዙ አንልም፤ ራሱ ይናገራል። የፈረንጅ መጽሔት ለቤት መኪና ማድቤት የሚመክረው ምንድን ነው? የማይሰበር፣ የሚንጠለጠል፣ ሲነዱ የማይንኳኳ፣ ባዶ ሲሆን የሚታጠፍ ዕቃ። አገልግልን ተመልከቱ፤ ከስንደዶና ከቆዳ ተሠርታ፣ ክዳኗ የሚታሰር፣ ብትወድቅ የማትሰበር። አቁማዳና ስልቻ ባዶ ሲሆኑ እንደ ጨርቅ ይታጠፋሉ። ቅል አይዝግም። ከዋሸራ እስከ ጎንጅ በየቅኔ ቤቱ የዞረው የቆሎ ተማሪማ ከሁሉም በላይ ነው። ደበሎው አልጋው፣ አኩፋዳው ጓዳው፣ ዱላው በሩ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትነዱ ማንኩሳን ታልፋላችሁ፤ አዎ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክ የሚጀምርባት ማንኩሳ። እዚያ ቆማችሁ አንድ አፍታ የጓዛችሁን ብዛት ከአንድ ተማሪ አኩፋዳ ጋር አስተያዩት።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለንም። ቡና ነው። ጀበና ይዞ መውጣት ጥሩ ነው፤ ማቶቱን በጨርቅ አድርጎ ጀበናውን እላዩ ላይ ማሰር ይቻላል። ከሰሉን ግን መኪና ውስጥ እንዳታስገቡት። ብርድ ነው ብሎ በር ዘግቶ ከሰል ያቀጣጠለ ሰው ጠዋት አይነሣም። ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚገድለው፤ በየክረምቱ በቤት ውስጥ ስንቱን እንደሚወስድ ዜና ሰምታችኋል። ቤት መኪና ደግሞ ከቤት ይጠባል። ቡናውን ቆልታችሁና ወቅጣችሁ ውጡ፤ ማፍላቱን ከደጅ አድርጉት። ጢስ ያለው ቡና የግድ ካማራችሁ እዚያው ደጅ ሆናችሁ ጎረቤት ጥሩ። ውሃውንም እንዲሁ፦ አሥር ደርዘን ፕላስቲክ ከመጫን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ በየከተማው መቅዳትና በውሃ አጋር ማከም ይሻላል፤ ልኩ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

ይኸን ሁሉ ያልነው ለሽርሽር ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ገብቷል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም፣ ስሟ የሰላም መንገድ የሆነችው ከተማ፣ በአየር ጥቃት ልጆቿን ቀብራለች። ከዚያ ወዲህ ያ አውራ ጎዳና ስንት ጊዜ ተዘግቶ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚያውቁት ሹፌሮቹ ናቸው። ቡሬ መገንጠያ ናት፤ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። መገንጠያ ላይ መቆም ማለት ሁለቱም መንገድ ሲዘጋ መሐል መቅረት ነው። ጭነት የያዘ ሹፌርና ረዳቱ መኪናቸውን ጥለው መሄድ አይችሉም። ጋቢናው መኝታቸው ነው፣ ከተሳቢው ሥር ያለችው ጥላ ማድቤታቸው ናት፤ አንዲት ትንሽ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ጀሪካን። ትክክለኛው የኢትዮጵያ ሞተርሆም እሱ ነው፤ ማንም ፎቶ አንስቶት «ላይክ» አልሰበሰበበትም። ምግብ ቤቱ ሲዘጋ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ባንኩ ሲዘጋና ኔትወርኩ ጠፍቶ ቴሌብር ሲከዳ፣ ያ ሰው የሚተርፈው ከወንበሩ ሥር በቋጠረው ነው። በአውቶቡስ የሚሄዱት እናቶችም ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሳይዙ የማይወጡት ባህል ለማሳየት አይደለም። መንገዱን ስለሚያውቁት ነው።

ቱና የጫነው ወዳጃችንን እዚያ ሰልፍ ውስጥ አስቡት። ሁለት መቶ ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ እሱ በር ዘግቶ ጣሳ ይከፍታል? በዚህ አገር መንገድ ላይ ብቻ አይበላም። አንድ ሰው ስንቁን ሲፈታ በዙሪያው ላለው ሁሉ «እንብላ» ይላል፤ የተጠየቀውም ቢጠግብ እንኳ አንድ ጉርሻ ያነሣል። በአሥር ሰው ፊት ሊዘረጋ የሚችል ነገር ቆሎና በሶ ነው እንጂ የ100 ግራም ጣሳ አይደለም። ስለዚህ የእኛ የስንቅ ሒሳብ ለሁለት ሰው ሲሆን የአራት ሰው ያዙ የሚል ነው። ይኸን የፈረንጅ የቤት መኪና መጽሔት አይነግራችሁም።

አሁን ደግሞ ፊታችንን ወደ ሌላው ወገን እናዙር። ምክንያቱም እስካሁን ያነበበ አንዳንድ ወንድማችን «ልክ ነው! የእናቴ ስንቅ የት ይገኛል!» እያለ ደረቱን ሲደቃ ይሰማናል። ቆይ ወንድም። እናትህ ያንን በሶ እንዴት እንዳዘጋጀችው ታውቃለህ? ገብሱ ተለቅሞ፣ በሙቀጫ ተሸክሽኮ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ ነው። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተደልዞ፣ ፀሐይ ላይ ሰንብቶ፣ ታምሶ ነው። ለዓድዋ የዘመተውስ ማን ያበሰለለት ይመስልሃል? ምጣድና ማሰሮ ተሸክመው፣ ቀኑን ሲጓዙ ውለው፣ ጦሩ ሰፈር ሲይዝ እህል ፍጨት የጀመሩት ሴቶች ናቸው። ጎራዴ የያዘው ስሙ ተጻፈ፤ መጅ የያዘችው አልተጻፈችም።

ዛሬም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ መኪና የሚነዱ አገር ልጆች አሉን፤ ከዳር እስከ ዳር አገሩን እየቆረጡ ሳምንታት መንገድ ላይ የሚያድሩ። ጋቢናቸው ውስጥ አልጋ አለ፣ ፍሪጅ አለ፣ ማይክሮዌቭ አለ። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ወጥ ግን በየላስቲክ ዕቃው ተከፋፍሎ፣ እንጀራው ተጠቅልሎ፣ ከቤት የወጣ ነው። ማን ሠራው? ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ «ባለቤቴ» ይሏችኋል። ራሳቸው ሽሮ የሚያንተከትኩም አሉ፤ ለእነሱ ባርኔጣችንን እናነሣለን። የቤት መኪና ትልቁ በጎነቱ እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ወንድ ልጅ ከእናቱ፣ ከእህቱና ከሚስቱ ጓዳ 400 ኪሎ ሜትር ሲርቅ፣ ወይ ማብሰል ይማራል ወይ ቱና ይበላል። አብዛኛው ቱናውን መርጧል። «ዘመናዊነት» የምንለው ነገር ግማሹ የዚህ ውጤት ነው፤ ስንቁን መናቅ ብቻ ሳይሆን ስንቁን ለመሥራት እጅን አለማቆሸሽ። ሴቶቹ ዛሬ ሥራ ውለው ይገባሉ፤ ለጎረምሳ ሽርሽር በሶ የሚሸከሽኩበት ጊዜም ዕዳም የለባቸውም።

ስለዚህ «በሶ የሚያዘጋጅልኝ የለም» የሚለውን ሰበብ አንቀበልም። የተዘጋጀ በሶና ሽሮ ዛሬ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ከኮርንፍሌክሱ ፊት ለፊት፣ ታሽጎ ተደርድሯል። የእህል ማቀነባበሪያ ፓርክ የተሠራላት ቡሬም አንድ ቀን አንድ ብልህ ሰው ለመንገደኛ የሚሆን ስንቅ አሽጎ ቢያወጣባት፣ የመጀመሪያው ገዢ እኛ ነን። ከሁሉ የሚሻለው ግን ራስን መሞከር ነው፤ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሦስት ኪሎ ነጭ ገብስ ግዙ። ለቅማችሁ አሸክሽኩት ወይም የተሸከሸከውን ግዙ። በሰፊ ብረት ምጣድ፣ በመጠነኛ እሳት፣ እጃችሁ ሳያርፍ እያመሳችሁ ቁሉት፤ ሽታው ሰፈሩን ሲሞላና ፍሬው በጥርስ ሲከረከም አውጡት። ቀዝቅዞ ነው ወፍጮ ቤት የሚሄደው። ቅዳሜ ጠዋት ወረፋው ረጅም ነው፤ በሥራ ቀን ይሻላል። ወፍጮው ላይ ስትደርሱ ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። በርበሬ ከሆነ ሌላ ሰው አስቀድሙ።